የድሮ የሲጋራ ቤዝቦል ካርድ "ብርቅዬ ነው" ሲሏችሁ መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጡት

እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 አሜሪካ ውስጥ ሲጋራ የገዛ ሰው ፓኮውን ሲከፍት ከሲጋራው ጋር አንዲት ትንሽ ካርድ ያገኝ ነበር። በአንድ በኩል የቤዝቦል ተጫዋች ስዕል አለባት፣ በሌላ በኩል የሲጋራው ማስታወቂያ። ካርዷ ፓኮው እንዳይጨማደድ ትደግፈዋለች፣ ደንበኛው ደግሞ ሌላ ተጫዋች ይደርሰኛል ብሎ ተመልሶ ያንኑ ሲጋራ ይገዛል፣ ስለዚህ ለኩባንያው በሁለት በኩል ትጠቅመዋለች። ዛሬ ሰብሳቢዎች ቲ206 የሚሏቸው እነዚህን ካርዶች ነው፣ መጠናቸው 3.7 በ6.7 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ በጣም ትንሽ ናቸው። ከነሱ መሀል ሆነስ ዋግነር የሚባለው የፒትስበርግ ተጫዋች ያለባት አንዷ ካርድ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በዛው ስብስብ ውስጥ ያለ፣ ስሙ ብዙም የማይነሳ ተጫዋች ካርድ ደግሞ ጥጋጥጉ ከተላላጠ ከመቶ ዶላር በታች ይገኛል።

ጣጣውን ሁሉ ያመጣው ይሄ የዋጋ ልዩነት ነው። ፎርጅድ የሚሰራው ሰው የመቶ ዓመት ወረቀት ከባዶ መፍጠር አያስፈልገውም እኮ፣ ርካሿን ኦሪጅናል ካርድ ይገዛና አንድ ፊደል ይቀይርባታል፣ ወይ አንድ ቃል ይጨምርባታል፣ ወይ ጀርባዋን ልጦ የሌላ ካርድ ጀርባ ይለጥፍባታል፣ በቃ የሀምሳ ዶላሯ የሀምሳ ሺህ ዶላር ሆና ገበያ ትወጣለች። ስለዚህ "ወረቀቱ የድሮ ነው፣ ቀለሙም የዛ ዘመን ነው" የሚለው ማረጋገጫ ለብርቅዬዎቹ ምንም አይሰራም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ስለሆነ ደግሜ ልበለው፣ ካርዷ የድሮ ነች ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፣ ያቺ የተባለችው ብርቅዬ ነች ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመለሰው ይሄ ፊት ከዚህ ጀርባ ጋር፣ በዛ ጊዜ፣ አብሮ ሊታተም ይችል ነበር ወይ ብሎ በመጠየቅ ነው።

ይሄ እንዲገባችሁ ካርዶቹ እንዴት እንደተሰሩ ትንሽ ማወቅ አለባችሁ። ባለቤቱ አሜሪካን ቶባኮ ካምፓኒ ነው፣ የጀምስ ዱክ ድርጅት፣ በዛን ጊዜ የአገሩን የትምባሆ ንግድ አብዛኛውን የያዘና በ1911 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞኖፖል ነው ብሎ እንዲበታተን የወሰነበት። ካርዶቹን ያተመለት ኒው ዮርክ ያለው አሜሪካን ሊቶግራፊክ ካምፓኒ ነው። ፊታቸው በትልልቅ ወረቀት ላይ ብዙ ተጫዋች ባንድ ላይ ሆኖ ይታተማል፣ ከዛ ወረቀቱ ይገለበጥና ለየትኛው የትምባሆ ብራንድ እንደሚሄድ ታይቶ የዛ ብራንድ ማስታወቂያ ጀርባው ላይ ይታተማል፣ ከዛ ይቆራረጣል። ብራንዶቹ 16 ናቸው። በብዛት የሚገኙት ፒድሞንትና ስዊት ካፖራል ናቸው፣ ከነሱ ቀጥሎ ሶቨሪን፣ ኦልድ ሚል፣ ፖላር ቤር እያለ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ድረም፣ ኡዚት፣ ሌኖክስ፣ ብሮድ ሊፍ የሚባሉ ለማግኘት የሚያስቸግሩ አሉ። በነዚህ ብርቅ ብራንዶች ምክንያት ተራ ተጫዋች እንኳን ጀርባው ብርቅ ከሆነ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ማለትም አንድ ተጫዋች፣ አንድ ዓይነት ስዕል፣ ግን ጀርባው ፒድሞንት ከሆነ ሌላ ዋጋ፣ ድረም ከሆነ ሌላ ዋጋ።

ጀርባው ላይ ከብራንዱ ስም ሌላ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው ቁጥር ነው፣ ብዙዎቹ ላይ 150 ወይም 350 ተጫዋቾች የሚል አለ፣ በኋላ የመጡት ላይ ደግሞ 460 የሚል ይመጣል፣ ይሄ ካርዱ በየትኛው ዙር እንደወጣ ይነግራችኋል። ሁለተኛው የፋብሪካ ቁጥርና የታክስ ዲስትሪክት ነው፣ ምክንያቱም በዛን ጊዜ የፌዴራል መንግስት ትምባሆ ላይ ግብር ስለሚሰበስብ እያንዳንዱ ፋብሪካ ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠው ነበር። ፋብሪካ 25 ቨርጂኒያ ነው፣ ፋብሪካ 30 ኒው ዮርክ ነው፣ የፖላር ቤር ፋብሪካ 6 ደግሞ ኦሃዮ። ይቺ ለግብር ሰብሳቢ ተብላ የተጻፈች መስመር ከመቶ ዓመት በኋላ ለኛ ዋናዋ ምስክር ሆነች፣ እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

በአጠቃላይ የሚቆጠሩት የፊት ዓይነቶች 524 ናቸው። ግን 524ቱም ፊቶች ከሁሉም ጀርባዎች ጋር አልታተሙም። አንዱ ተጫዋች ገና በ150ው ዙር ላይ ከወረቀቱ ወጥቷል፣ ሌላው የገባው በ350ው ነው፣ ሌላው እስከ መጨረሻው ቆይቷል። ሰብሳቢዎች ለአስርት ዓመታት የትኛው ፊት ከየትኛው ጀርባ ጋር በዓይን እንደታየ እየመዘገቡ ዝርዝር ሰርተዋል፣ ይሄ ዝርዝር በኔ እምነት ከማጉያ መነጽርም ከማንኛውም መሳሪያም ይበልጣል። ቲ206 የሚለውን ስም የሰጠው ጄፈርሰን በርዲክ የሚባል ሰብሳቢ ነው፣ ቲ ማለት ቶባኮ ነው፣ ሙሉ ስብስቡን ኒው ዮርክ ላለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጥቶ በ1963 አረፈ። እሱና እሱን የመሰሉ ሰዎች ያንን ሁሉ ዓመት አንድ በአንድ ቁጭ ብለው ባይጽፉ ኖሮ ዛሬ እኛ በምን እንለይ ነበር?

አሁን ወደ ምሳሌዎቹ። መጀመሪያ ሼሪ ማጊ። የፊላደልፊያ ተጫዋች ነው፣ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ኢ የምትባለዋ ፊደል ሁለቴ ትደገማለች። ካርዱ መጀመሪያ ሲታተም ግን ከሁለቱ ኢዎች የፊተኛዋ በስህተት አይ ሆና ወጣች። ስህተቱ ቶሎ ስለታረመ የተሳሳተው ጥቂት ነው፣ የታረመው ብዙ ነው። እና አጭበርባሪው ምን ያደርጋል፣ የታረመውን ገዝቶ የኢዋን አግዳሚ መስመሮች በስለት ፍቆ አይ ያስመስላታል። ስራው ቀላል ይመስላል። ግን ስህተቱ የተሰራው በ150ው ዙር መጀመሪያ ላይ ስለሆነ የተሳሳተው ማጊ የሚታወቀው በፒድሞንት 150 ጀርባ ብቻ ነው። አንድ ሰው የተሳሳተውን ማጊ አገኘሁ ብሎ ሲያሳያችሁ ገልብጡትና ስዊት ካፖራል ወይ ፒድሞንት 350 ካያችሁ ማጉያ መነጽር ማውጣት ራሱ አያስፈልግም፣ አልቋል። ፒድሞንት 150 ከሆነ ነው ስራው የሚጀምረው። ያኔ ፊደሎቹ መሀል ያለውን ክፍተት ታያላችሁ፣ አይ ከኢ በጣም የቀጠነች ፊደል ስለሆነች ማተሚያ ቤቱ ሲደረድራት ቦታዋን አጥብቦ ነው፣ የተፋቀችው ኢ ግን ሙሉ ቦታዋን ይዛ ስለነበር አይ ከሆነች በኋላ አጠገቧ ባዶ ቦታ ይቀራል። ከዛ ደግሞ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ ብታበሩባት የተፋቀበት ቦታ የወረቀቱ ልስላሴ ጠፍቶ የቃጫው ፀጉር ቆሞ ይታያል፣ ብርሃኑ ከላይ ሲሆን የማይታይ ነገር ከጎን ሲሆን ይታያል።

ጆ ዶይል ደግሞ የማጊ ተቃራኒ ነው፣ እዚህ የሚፋቅ ነገር የለም፣ የሚጨመር ነው። በዛን ጊዜ ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ዶይሎች ነበሩ። ላሪ ዶይል ለጃይንትስ ይጫወታል፣ ናሽናል ሊግ። ጆ ዶይል ለሃይላንደርስ ነው የሚጫወተው፣ በኋላ ያንኪስ ለተባሉት፣ በሌላው ሊግ፣ አሜሪካን ሊግ። ማተሚያ ቤቱ ሁለቱን አምታታና በጆ ካርድ ላይ ከኒው ዮርክ ቀጥሎ ናሽናል የሚለውን ቃል በአጭሩ ጻፈበት፣ ከዛ ስህተቱ ሲታወቅ ቃሉ ተነሳ። ናሽናል የሚለው ያለበት ጆ ዶይል እስከዛሬ የታወቀው አስር እንኳን አይሞላም፣ ከዋግነር በብዙ ያነሰ ነው ማለት ነው፣ ጀርባውም ፒድሞንት 350 ነው። ያልተሳሳተው ዶይል ግን በርካሽ ይገኛል፣ እና አጭበርባሪዎቹን የሚያጓጓቸው ነገር ግልፅ ነው፣ አንድ አጭር ቃል ብቻ መጨመር ነው የሚጠበቅባቸው።

የተጨመረ ቃል እንዴት ይያዛል? እዚህ ላይ የካርዱ ጉዳት ይረዳችኋል። የመቶ ዓመት ካርድ ላይ እጥፋት አለ፣ ጭረት አለ፣ ትንንሽ ስንጥቅ አለ። ቀለሙ መጀመሪያ የታተመ ከሆነ ስንጥቁ ቀለሙን ሰብሮት ያልፋል፣ ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ወረቀት ይታያል። ቀለሙ በኋላ የተጨመረ ከሆነ ግን ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይሰርጋል፣ ወይ ጭረቱ ላይ ወጥቶ ይሻገራል። ማለት ጉዳቱና ቀለሙ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ ማየት ነው። ንጹህ ካርድ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ፣ የስሙ ጽሁፍ በሙሉ ባንድ ዙር በአንድ ቡናማ ቀለም የታተመ ስለሆነ ዶይል የሚለውና ናሽናል የሚለው ቡናማቸው፣ ድምቀታቸው፣ መስመራቸው አንድ መሆን አለበት። ከላሪ ዶይል ካርድ ላይ ያንን ቃል ቆርጦ ማምጣትም ይቻላል፣ ምክንያቱም የላሪ ላይ ቃሉ በትክክል አለ፣ የተለጠፈ ወረቀት ግን ዙሪያው ጠርዝ አለው፣ ከጎን ባትሪ ሲበራበት ጥላ ይጥላል።

ከነዚህ የሚቀለው የሬይ ደሚትና የቢል ኦሃራ ጉዳይ ነው፣ ቶሎ ልለፈው። ሁለቱም ለኒው ዮርክ ይጫወቱ ነበር፣ ከዛ ወደ ሴንት ሉዊስ ቡድኖች ሄዱ፣ እና የቡድናቸው ስም ተቀይሮ እንደገና ታተሙ። የሴንት ሉዊሱ ስሪት የሚገኘው በፖላር ቤር ጀርባ ብቻ ነው። ፖላር ቤር ደግሞ ሲጋራ አይደለም፣ የተከተፈ ትምባሆ ነው፣ ካርዱ ከትምባሆው ጋር ተቀላቅሎ ይቀመጥ ስለነበር ብዙዎቹ ላይ ቡናማ የትምባሆ እድፍ አለ። እድፍ ያለበት ካርድ ዋጋው ይወርዳል ግን ለኔ እድፉ ራሱ የኖረበትን ቦታ የሚናገር ነገር ነው።

ዋግነርን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ለምን ጥቂት እንደሆነ ሁለት ታሪክ ይወራል፣ አንዱ ልጆች በሱ ካርድ ምክንያት ትምባሆ እንዳይገዙ ብሎ ከለከለ የሚል ነው፣ ሌላው ያለ ክፍያ ስዕሌን አትጠቀሙ አለ የሚል ነው፣ ያም ሆነ ይህ ህትመቱ ቶሎ ቆመና ዛሬ የሚታወቁት ስልሳ ገደማ ናቸው። ጀርባው ስዊት ካፖራል 150 ነው፣ በጣም ጥቂቶቹ ፒድሞንት 150። ሌላ ጀርባ ያለው ዋግነር ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ዝርዝር አለ፣ ካርዱ ላይ ፒትስበርግ የሚለው ስም የተጻፈው መጨረሻው ላይ ኤች የምትባለዋ ፊደል ሳትኖር ነው። ስህተት አይደለም፣ በ1891 የአሜሪካ መንግስት የቦታ ስሞች ቦርድ ከተማዋን ያለ ኤች ጻፉ ብሎ ወስኖ ነበር፣ ኤችዋ የተመለሰችው በ1911 ነው። ዛሬ በምናውቀው አጻጻፍ ኤች ያለችበት ዋግነር ያዘጋጀ ሰው ይሄን ታሪክ አያውቅም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ጨርሶ አዲስ ስለታተመ ካርድ። ይሄ ከሁሉም ዝቅተኛው ማጭበርበር ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚበላውም በሱ ነው፣ ምክንያቱም የቲ206 ሪፕሪንት ለመታሰቢያ ተብሎ በህጋዊ መንገድ በብዛት ታትሟል፣ አንዳንዱ አጭበርባሪ ያንን ይወስድና ሻይ ወይ ቡና ውስጥ ነክሮ፣ ጥጉን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ አያቴ ቤት ሳጥን ውስጥ ተገኘ ብሎ ያመጣዋል። መለያው ህትመቱ ነው። አሜሪካን ሊቶግራፊክ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው በተለያየ ዙር ነው ያተመው፣ ስለዚህ በአስር እጥፍ ማጉያ ስታዩት ቀለሞቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ይታያሉ፣ ነጠብጣቦቹ ወጣ ገባ ናቸው፣ የስሙ ፊደሎችና የዳር መስመሩ ደግሞ ምንም ነጠብጣብ የሌለው ሙሉ ቀለም ናቸው። የዘመኑ ማተሚያ በአራት ቀለም እኩል በተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ሁሉንም ነገር ይሰራል፣ ፊደሎቹን ጭምር። በእጅ የተሸመነ ጥበብና ጥበብ የታተመበት ጨርቅ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፣ ጠጋ ብላችሁ ክሩን ስታዩ ነው የሚለዩት፣ ይሄም እንደዛ ነው። ስለዚህ ማጉያውን መጀመሪያ ስሙ ላይ አድርጉት፣ የተጫዋቹ ፊት ላይ አይደለም። ፊደሉ ወደ ነጥብ ከተበተነ አዲስ ህትመት ነው።

ብላክ ላይት የሚባለው ሀምራዊ መብራትም ይረዳል፣ ግን የሚረዳው እስከ አንድ ልክ ነው። ወረቀት ነጭ እንዲመስል የሚጨመረው የሚያበራ ኬሚካል በ1940ዎቹ መጨረሻና ከዛ በኋላ ነው ወረቀት ውስጥ መግባት የጀመረው፣ ስለዚህ የ1909 ካርድ ጨለማ ክፍል ውስጥ በዛ መብራት ስር ደብዘዝ ማለት አለበት። ሰማያዊ ሆኖ ከበራ ወረቀቱ አዲስ ነው፣ አንድ ጥግ ብቻ ከበራ ያ ጥግ ተጠግኗል። ካልበራ ግን ወረቀቱ የድሮ ሊሆን ይችላል ማለት ብቻ ነው፣ ብርቅዬነቱን አላረጋገጠም፣ መጀመሪያ ያልኩት ነገር ነው፣ አጭበርባሪውም የድሮ ወረቀት ነው የያዘው።

ጀርባ የተቀየረበትን ካርድ መለየት ከሁሉም ይከብዳል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁለት ርካሽ ኦሪጅናል ካርድ ይወሰዳል፣ አንዱ ፊቱ የተፈለገ፣ አንዱ ጀርባው የተፈለገ። ሁለቱም በውሃ ወይ በስለት ለሁለት ይላጣሉ፣ ከዛ የአንዱ ፊት ከሌላው ጀርባ ጋር ይጣበቃል። በማጉያ ብታዩት ፊቱ ኦሪጅናል ሊቶግራፍ ነው፣ ጀርባውም ኦሪጅናል ነው፣ በብላክ ላይትም አይበራም። ሁሉንም ፈተና ያልፋል፣ አንድ ነገር ካልታየ በስተቀር፣ እሱም ፊትና ጀርባው አንድ ዓይነት ህይወት ኖረዋል ወይ የሚለው ነው። ፊቱ ላይ ጥልቅ እጥፋት ካለ ጀርባው ላይ በዛው ቦታ መታየት አለበት። ውሃ ያረጠበው ቦታ ካለ ዳርቻው በሁለቱም በኩል መግጠም አለበት። አንዱ ጥግ ፊቱ ላይ ክብ ሆኖ አልቆ ጀርባው ላይ ሹል ከሆነ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ናቸው። ከዛ ጠርዙን በማጉያ ከጎን ታዩታላችሁ፣ የሙጫ መስመር አለ ወይ፣ ውፍረቱ ከሌላ ካርድ ጋር ሲነጻጸር በዛ ወይስ አነሰ። የሙጫው መስመር እንዳይታይ ብለው ጠርዙን ስለሚከረክሙት መጠኑም ያንሳል፣ ስለዚህ ብርቅዬ ጀርባ ያለው ካርድ መጠኑ አጭር ከሆነ በጣም ተጠራጠሩ።

ስለ መጠን ካነሳን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ያነሰ ሁሉ የተከረከመ አይደለም። አሜሪካን ቢዩቲ የሚባለው ሲጋራ ፓኮው ጠባብ ስለነበር ካርዶቹ ገና ከፋብሪካው ጠበብ ብለው ነው የተቆረጡት። ይሄን ሳያውቅ ኦሪጅናሉን ተከርክሟል ብሎ በርካሽ የሸጠ ሰው ይኖራል፣ እንደዚሁ የተከረከመ ፒድሞንት "ድሮም እንደዚህ ነው" ተብሎ የተሸጠለትም አለ። ማነጻጸሪያው ሁልጊዜ የዛው ብራንድ ካርድ መሆን አለበት። አዲስ የተቆረጠ ጠርዝ ነጭና ንጹህ ነው፣ ፊቱ መቶ ዓመት አርጅቶ ጠርዙ ትናንት የተቆረጠ ከመሰለ ትናንት ነው የተቆረጠው።

ይሄ መከርከም የሚባለው ነገር ትልልቆቹንም አልማረም። በዓለም ላይ በጣም የታወቀችው ዋግነር በ1991 የሆኪው ዌይን ግሬትስኪና ብሩስ ማክናል በሶዝቢስ ጨረታ በ451,000 ዶላር የገዟት ናት። ፒኤስኤ የሚባለው ደረጃ ሰጪ ድርጅት ገና ሲቋቋም ያያት የመጀመሪያዋ ካርድ እሷ ነች፣ 8 ደረጃ ተሰጣት፣ ለመቶ ዓመት ካርድ የማይታመን ደረጃ ነው። በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በ2013 ግን በ1985 ካርዷን ገዝቶ የነበረው ጨረታ አቅራቢ ቢል ማስትሮ በማጭበርበር ተከሶ ቺካጎ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲቀርብ ጎኖቿን እሱ ራሱ እንደከረከማት አመነ፣ በ2015 ሃያ ወር እስር ተፈረደበት። ካርዷ ኦሪጅናል ነች፣ ዋግነርም ዋግነር ነው፣ ጀርባዋም ትክክል ነው፣ ሹል ጥግና ቀጥ ያለ ጠርዝ የሰጣት ግን ስለት ነው። እኔ ይሄን ታሪክ የማነሳው ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ደረጃ የተጻፈበት ካርድ ሁሉ ጥርጣሬ የለበትም ለሚሉ ሰዎች ነው። ደረጃ ሰጪዎቹ፣ ፒኤስኤም ኤስጂሲም፣ ዛሬ ከድሮው በጣም የተሻሉ ናቸው፣ ውድ ካርድ ያለነሱ ግዙም አልልም፣ ግን የሚያዩት ሰዎች ናቸው። ፕላስቲኩ ራሱም ፎርጅድ ይሰራለታል፣ ስለዚህ መለያ ቁጥሩን ድርጅቱ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እዛ ያለው ፎቶ እጃችሁ ካለው ካርድ ጋር ጭረት በጭረት አንድ መሆኑን እዩ፣ የቁጥሩ መኖር ብቻ በቂ አይደለም፣ ቁጥር ከሌላ ካርድ ይገለበጣል።

የቀረ አንድ ዓይነት ብርቅዬ አለ፣ ማተሚያው ላይ በተፈጠረ ችግር የመጣ። አንድ ቀለም ሳይታተም ያለፈበት፣ ለምሳሌ ቀይ የጎደለው። የቦስተኑ ቢል ስዊኒ ማሊያው ላይ ያለው የቢ ፊደል የጠፋበት አለ፣ የስኖድግራስ ስም የመጀመሪያ ፊደሉ ሳይታተም ቀርቶ ኖድግራስ የሆነበት አለ። እነዚህ ለሰብሳቢ በጣም የሚወደዱ ናቸው፣ ግን ለማጭበርበር የተመቹም ናቸው፣ ምክንያቱም ቀለም ማጥፋት ከመጨመር ይቀላል። ፀሐይ ላይ ወራት ካስቀመጡት ቀዩ ይሸሻል፣ በረኪና የመሰለ ነገርም ቀለም ያነሳል። ልዩነቱ ያልታተመ ቀለም በሁሉም ቦታ የለም፣ የሸሸ ቀለም ግን የሆነ ቦታ ላይ ይቀራል፣ በተለይ ጥልቅ ሆኖ በተደራረበበት ቦታ፣ ወይ መያዣው ጠርዝ ሸፍኖት በነበረበት መስመር ላይ ሐመር ሮዝ ሆኖ ይታያል። ኬሚካል የነካው ደግሞ ወረቀቱ ይሻክራል፣ በብላክ ላይትም ያ ቦታ ብቻ ለየት ብሎ ይታያል። ፊደል ብቻ ጎደለ የሚባለው ላይ ከማጊ ጋር ያየነው የጎን ባትሪ በቂ ነው።

ብርቅ ነገር ሁሉ ፌክ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ ደግሞ። ታይ ኮብ የሚባለው የዲትሮይት ተጫዋች በስሙ የተሰየመ ትምባሆ ነበር፣ ጀርባው ላይ የዛ ትምባሆ ማስታወቂያ ያለበት ካርድ የሚገኘው በአንድ ፊት ብቻ ነው፣ በቀዩ የኮብ ፎቶ፣ ፊቱም ከሌሎቹ በተለየ ያብረቀርቃል። በጣም ጥቂት ነበር የሚታወቀው። በ2016 አሜሪካ ውስጥ፣ በደቡባዊ ግዛቶቿ ባለች አንዲት የገጠር ከተማ አንድ ቤተሰብ የሟች ዘመዳቸውን ቤት ሲያጸዱ መሬት ላይ ከተጣለ የተጨማደደ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ሰባት አገኙ። ሰባት ባንድ ጊዜ! የሰማ ሁሉ መጀመሪያ አላመነም፣ ግን ሲመረመሩ ፒኤስኤ ሰባቱም እውነተኛ ናቸው አለ። ከረጢቱን ከሌላው ቆሻሻ ጋር ሊጥሉት ትንሽ ነበር የቀረው።

ይሄን የምላችሁ በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁትን አስቤ ነው፣ የሟች ቤት እቃ ሽያጭ ላይ የምትገኙ፣ ቤት የምታጸዱ፣ አሮጌ እቃ የምትገዙና የምትሸጡ አላችሁ፣ እና የቨርጂኒያ ፋብሪካ ቁጥር ያለባት ካርድ በዛ አካባቢ ሳጥን ውስጥ መገኘቷ ተአምር አይደለም። ካገኛችሁ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ፣ በላጲስ አትንኩ፣ የተነቀለ ጥግ በሙጫ አትመልሱ፣ አልበም ላይ ተለጥፋ ከሆነ ራሳችሁ አትንቀሉ። እንዳለች በንጹህ የካርድ ፕላስቲክ ውስጥ አስገቡና ፊትና ጀርባዋን ስካን አድርጉ፣ የተገኘችበትን ሳጥንና አብሯት የነበረውን ወረቀትም አትጣሉ፣ ፎቶ አንሱት። የምትገዙ ከሆናችሁ ደግሞ ሻጩን አራት ፎቶ ጠይቁ፣ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጠርዙን ከጎን፣ እና በስሙ ጽሁፍ ላይ ባትሪ ከጎን እየበራ የተነሳ አንድ። የጀርባውን ፎቶ አልሰጥም ወይ በኋላ እልካለሁ ካለ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አቆዩ።